ነጭ የምታጨሰው ፒክአፕ

የሺመቤት የዓሣ ሽታ አትወድም። የምትተዳደረው በዓሣ መሆኑ ጥላቻዋን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ባሏ ሲሞት የተወላት አሮጌዋ ፒክአፕ ከጣና ዳር ዓሣ ጭና መሸንቲ ገበያ ታደርሳለች። ስትመለስ ከጣውላው ሥር የሚንጠባጠበው ደም፣ በየስንጥቁ የተወሸቀው ቅርፊት፣ ተከትሏት የሚመጣው ዝንብ አያድርስ ነው። ክንዱ የሚባለውን ሾፌሯን፣ ይኸን ግማት ደጃፌ ላይ አታቁምብኝ እያለች ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች።

ሰኞ ዕለት ግን የባሰ መጣ። ፒክአፗ ነጭ ጢስ ትተፋ ጀመር። የጠዋት ብርድ እንደሚያወጣው እንፋሎት ታይቶ የሚጠፋ አይደለም፤ መንገዱን ሁሉ የሚያለብስ ጢስ ነው። የሺመቤት ስትቆጣ አፏ አይመርጥም። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ክንዱ ቤንዚኑን ሸጦ ውሃ ሞላበት ብላ በሰው ፊት ተናገረች። የቀበሌው ሰው ጓድ አምባቸው ሰማ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጇ ወጣ፤ አሻጥር ተባለ። በደርግ ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቀበሌ ሲገባ እንጂ ሲወጣ ያየ የለም። ጓድ አምባቸው ሐሙስ የክሱን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ፣ እርስዎ ይፈርማሉ አላት። እሷም እሺ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ፒክአፗን አስገፍታ ወደ መካኒኩ ወደ አካሉ ጋራዥ ወሰደቻት። ክንዱም ሳይጠራ መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ። ዓይንህ አያፍርም ብላው ፊቷን አዞረች።

አካሉ መጀመሪያ ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድቶ አስቀመጠው። ውሃ ቢኖርበት ከታች ይዘቅጥ ነበር፤ ምንም የለም። የሺመቤት ጠርሙሱን ነጥቃ በፀሐይ አየችው። እንደገና ቅዳ አለችው፤ ቀዳ። ያው ነው። ቀጥሎ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አፍንጫዋ ሥር አመጣላት። ጥቁር መሆን የነበረበት ዘይት የተበጠበጠ እርጎ መስሏል። በጣቷ ነክታ አሸተተችውና ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ውሃው ተንተከተከ፤ ጢሱም ጋራዡን ሞላው። አጥፍቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታ። ሦስቱ ጥላሸት ለብሰዋል፤ አንደኛው ታጥቦ ነጥቷል።

«ውሃው በቤንዚን አልገባም» አለ አካሉ እጁን እየጠረገ። «ከራዲያተሩ ሾልኮ ነው ሞተሩ ውስጥ የሚቃጠለው። በሞተሩ ክዳን፣ በቴስታው ሥር ውሃውን የሚያግደው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፤ ቴስታውም ሳይጣመም አልቀረ። እትየ የሺ፣ ይች መኪና እንደጋለች ቀዝቃዛ ውሃ አግኝቷታል?»

ክንዱ መሬት መሬት አየ።

የሺመቤት ግን ገባት። ባሕር ዳር መኪና የሚታጠበው ሐይቁ ውስጥ ተነድቶ ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ ሞተሩ እንዲበርድ ይደረጋል። ቅዳሜ ዕለት ክንዱ ከመሸንቲ ሲመለስ፣ ትንሽ ትብረድ እትየ ብሎ ለምኗት ነበር። እሷ ያን ግማት አንድ ደቂቃ አልታገሥም ብላ አስነድታ ከተተቻት። ኮፈኑንም አስከፍታ፣ በጋለው ሞተር ላይ የጣናን ውሃ በባልዲ አስደፋችበት። ብረቱ ሲንጫጫ ቆማ ሰምታለች። ጸዳችልኝ ብላ ደስ ብሏትም ነበር።

ጓድ አምባቸው ቤቷ ቢያጣት ወረቀቱን ይዞ ጋራዡ ገባ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው ብሎ እስክሪብቶ ዘረጋላት። ሽቶ ተቀብቷል። ከዓሣው አንጀት ይልቅ ያ ሽቶ አንገሸገሻት።

«ውሃ ያስደፋሁባት እኔ ነኝ» አለችው። «ይኸ ልጅ ተይ ቢለኝ አልሰማሁም። አሻጥር ከሆነ የእኔን ስም ጻፍ።»

«ሰኞ የተናገሩት ሌላ ነው።»

«ሰኞ ዋሽቻለሁ።»

ወረቀቱን በአራት አጠፈና፣ እንጠራዎታለን ብሎ ወጣ። አካሉ ምንም እንዳልሰማ ሰው የቴስታውን ብሎን መፍታት ያዘ።

ክንዱ ቀረብ አለ።

«እትየ፣ እንግዲያ ዛሬ ቤቴ ልደር?»

ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጋ ያየችው። ሸሚዙ ጭቃ ጠጥቶ ደርቋል፤ ጠጉሩ ላይ የደንገል ገለባ ተሰክቷል። ሦስት ሌሊት ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ተደብቆ ያደረው ከእሷ አፍ ሸሽቶ ነው።

«እደር» አለችው። የሰኞው ቃሏ ራሱ ገምቶባት ምራቋን ልትተፋ ብትል አፏ ደረቀባት።