ሳይዳሰስ አይቋጠርም

እልኸኛ ነኝ፤ ባሌም የምሠራበት የቀዶ ጥገና ክፍልም ያውቁታል። ያን ቀን ጠዋት የያዘኝን እልህ ግን የወረስኩት ለቀዶ ጥገና ጠረጴዛው ላይ ከተኙት ከጋሽ ደብተር ነው።

ጋሽ ደብተር የአናቶሚ አስተማሪዬ ነበሩ። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን፤ አስከሬን በተከፈተ ቁጥር ወደ ጨጓራ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጀት የሚሄዱትን ደም ቅዳዎች በእርሳስ እየሣሉ ሠላሳ ዓመት አንድ ደብተር ይዘው ዞረዋል። "የሰው ሆድ እንደ መልኩ ይለያያል" ይሉ ነበር። ደንባቸውም አንድ ነው፦ ደም ቅዳ ከመቋጠርህ በፊት ጨምቀህ ያዝ፣ ጓደኛህ ጉበቱ ሥር ጣቱን ያኑር፣ "አለ?" በለው። ትርታው ካለ ቋጥር።

አሁን የቆሽታቸው ራስ ላይ ዕጢ በቅሏል፤ ካልወጣ ይገድላቸዋል። የሲቲ ስካኑ ወረቀት ደም ቅዳዎቹ ላይ "የተለየ ነገር የለም" ይላል። ሦስት ሰዓት ከሠራን በኋላ ከቆሽቱ ጀርባ አንዲት ደም ቅዳ ብቅ አለች።

"የቆሽት ናት፤ ቋጥሪያትና እንለፍ" አሉ ከፊቴ የቆሙት አለቃዬ።

"ጣትዎን ጉበቱ ሥር ያድርጉልኝ፣ ዶክተር።"

"ደግሞ የሽማግሌውን ጨዋታ ጀመርሽ? ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይሄ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።"

ፈርቻለሁ፤ አለቃ ናቸው። ቢሆንም ክሩን አስቀምጬ ቆምኩ። በረጅሙ ተነፈሱና ጣታቸውን አስገቡ። ጨመቅኩ።

"አለ?"

ጣታቸውን ገፋ አድርገው ፈለጉ።

"ዶክተር፣ አለ?"

"የለም። ልቀቂያት... መጣ። ጉበቱን በሙሉ የምታበላው እሷ ናት።"

ከአንጀት ደም ቅዳ ተነስታ በቆሽቱ ጀርባ አልፋ ነው ጉበት የገባችው። ቋጥረናት ቢሆን ጋሽ ደብተር አይነቁም ነበር። እሷን ከቆሽቱ ለማላቀቅ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ አለቃዬ አንዴም ሰዓት አላዩም።

በአራተኛው ቀን ትራስ ተደግፈው ሳገኛቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁና ስፌቱ ሲያማቸው ሆዳቸውን ያዙ።

"ሠላሳ ዓመት የሰው ሆድ ሳገላብጥ ጉዱ የራሴ ውስጥ ኖሯል? በይ፣ ደብተሩ ላይ አስፍሪኝ።"

ደብተሩን ከራስጌያቸው አንስቼ ሣልኩ። ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ከሥዕሉ ቀጥሎ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ከዚያ የሞተበት ምክንያት የሚል ቦታ አለ፤ ከእሳቸው በፊት ላሉት ሁሉ ተሞልቷል። እዚያ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

"እሱን ዝለይው" አሉ። "እዚህ ላይ እንኳ አንቸኩል።"