በሁለት ስንጥቅ መካከል

ሁለቱ የጣሊያን ድልድይ ጠባቂዎች የቀትሩን ሐሩር ሸሽተው ከድልድዩ ሥር ተኝተው ነበር። የአርበኛው ዘርትሁን ሰዎች እንደተኙ አረዷቸው። አንደኛው ጉሮሮውን በእጁ ይዞ እስከ ውሃው ዳር ዳኸና እዚያው ተዘረረ።

አርበኞቹ ከማሽላው ውስጥ ይዘው ያመጡት አብዱልፈታህ ደሙን ተራምዶ ቀና አለ። ድንጋይ ፈላጭ ነው። ጣሊያን በጅራፍ እየነዳ ድልድዩን ካሠራቸው አንዱ እሱ ነበር። ካሚዮን የሚያልፍበት ረጅሙ ድንጋይ ከሆዱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከግራ ጠርዝ ተነሥቶ እኩሌታው ላይ ደርሷል።

«ስበረው!» አለ የአርበኞቹ አለቃ ዘርትሁን። «ጥይት የጫኑ ካሚዮኖች ከካራቆሬ ተነሥተዋል።»

«ጋሼ ዘርትሁን፣ ፊተኛው ላይ የተጫኑት እኮ እስረኞች ናቸው። እህቴ ራቢዓ አለችበት። ለእናንተው እህል ስታቀብል ነው የተያዘችው።»

«አውቃለሁ። ፊተኛው ይለፍና ድልድዩ በሁለተኛው ይውደቅ።»

«ድንጋይ ተራ ይጠብቃል እንዴ?»

«እንግዲያ አንተ ምከረው!» አለ ከኋላ አንዱ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ዘርትሁን ግን አልሳቀም።

«ያ ጥይት ሮቢት ከገባ ነገ የሚቃጠለው የማን መንደር ነው? ምታ!»

ድንጋይ የሚፈለጠው ሽብልቆች በአንድ መስመር ሲደረደሩ ነው። የሁለት ስንጥቆች ጫፍ ፊት ለፊት ሲገናኝ በመካከል የቀረው ድንጋይ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይሸከምና ይበጠሳል። ጎን ለጎን የቆሙ ስንጥቆች ግን ሸክሙን ይካፈሉታል፤ አንዱ ሌላውን ይከልለዋል። አብዱልፈታህ ከአሮጌው ስንጥቅ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን መታ። ፍንጣሪው ፊቱን አደማው።

«በቃው» አለ ላቡን እየጠረገ።

ዘርትሁን ድንጋዩን በመዶሻ ቆረቆረው። ድምፁ የጤነኛ ድንጋይ ነበር። ዞር ብሎ በጠመንጃው ሰደፍ የአብዱልፈታህን አፍ መታው።

«እኔ ግንድ ፈልጬ የማላውቅ መሰለህ?»

ሽብልቁን ነጥቆ በቀኙ ጠርዝ፣ ከአሮጌው ስንጥቅ ትክክል ተከለና ደጋግሞ ወገረው። አዲሱ ስንጥቅ ወደ አሮጌው ሮጠ። በመካከላቸው መዳፍ የማይሞላ ቀረ።

የካሚዮን ድምፅ ተሰማ።

አብዱልፈታህ የአፉን ደም እየተፋ ዳገቱን በእጁም በእግሩም ወጣ። መንገዱ ላይ ወደ ካሚዮኑ እየሮጠ እጁን አወናጨፈ።

«ቁም! ወላሂ ይወድቃል! ቁም!»

ዘርትሁን ከሥር ተኮሰ። ጥይቱ ትከሻውን በጥሶ መንገዱ ዳር ጣለው። ነጂው ተኩሱን ሲሰማ አላቆመም፤ አድፍጠው የጠበቁት መስሎት ነዳጁን ረገጠ። የፊት ጎማዎቹ መካከል ላይ ሲደርሱ ድንጋዩ አንዴ ጮኾ ለሁለት ተከፈለ። ካሚዮኑ በአፍንጫው ገደል ገባ።

የኋላ ካሚዮኖች ወዲያው ቆሙ። የጫኑት ጥይት ደህና ነው። ወታደሮቹ እየዘለሉ ወረዱ፤ አርበኞቹም እየተኮሱ ወደ ማሽላው ሸሹ።

አብዱልፈታህ ወደ ገደሉ ተንከባሎ ወረደ። ጭንቅላታቸው የፈረሰ ሰዎችን ባንድ እጁ እየገለበጠ «ራቢዓ! ራቢዓ!» አለ።

«እዚህ ነኝ» አለች። እግሯ ከብረቱ ሥር ተቀርቅሯል። «አንተ... አንተ ከየት መጣህ?»

«ዝም በይ። ያዢኝ።»

የወታደሮቹ መትረየስ ከላይ መተኮስ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያቃስቱትን፣ ከዚያ የሚንቀሳቀሱትን ለቀመ። ራቢዓ ደረቱን ገፋችው።

«ሂድ፣ ወንድሜ! በአላህ፣ ሂድ!»

አብዱልፈታህ ጀርባውን ለመትረየሱ ሰጥቶ፣ ደህናውን ክንዱን በብብቷ ሥር አስገባና ጎተተ።