ቀላ!

የዳቦ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ያረረ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፕሮግራመሯን ጠበቃት።

«ይኸውልሽ ኮምፒውተርሽ የጋገረው! የጠዋቱ ዳቦ በሙሉ ከሰል ሆነ። ነገም እንዲህ ከሆነ ስክሪኑን ከግድግዳው ላይ አስነቅለዋለሁ።»

ፕሮግራመሯ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያ ግድግዳ ለሷ ተራ ግድግዳ አይደለም። አባቷ ዕድሜውን የፈጀው እዚያ ምድጃ ፊት ነው። ሰሞኑን ደግሞ አላፊ አግዳሚውን እያስቆመ «ልጄ ለዳቦ ቤታችን ቴሌቪዥን ሠራች» ሲል ከርሟል። ቴሌቪዥን አይደለም ብትለው ማን ሰምቷት! አሁን ስክሪኑ ቢነቀል ሰው ፊት የሚያፍረው እሱ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሠራችው ሰንጠረዥ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሣጥን የአንዱ ምድጃ ዳቦ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያሳያል፤ ቁጥሩ ከልኩ ሲያልፍ ሣጥኑ ቀይ ይሆናል። ቀይ ማለት አደጋ ነው፤ የተማረችው እንደዚያ ነው።

«ቀዩን አላያችሁትም እንዴ?» ብላ ጋጋሪዎቹ ላይ ጮኸች።

«አየነው እንጂ!» አለ ሸምገል ያለው ጋጋሪ፣ እሱም ተቆጥቶ። «በሩን አትክፈቱ፣ ስክሪኑን እዩ ተባልን። እስኪቀላ ጠብቀን አወጣን። ሳይቀላ ማን ያወጣል?»

ክው አለች። ጥፋቱ የራሷ ሆኖ ሳለ የአብዬን ወደ እምዬ ልታላክክ ነበር። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ አባቷን ትጠብቅ ነበር። እሱ የምድጃውን በር ከፈት አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይና «ቀላ!» ብሎ ይጮሃል። ያን ጊዜ ቤቱ ይተራመሳል። የመጀመሪያዋ ዳቦ የሷ ናት፤ ስለምታቃጥላት ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠች ትገምጣታለች። ያ ድምፅ እንዴት ናፈቃት! የጋጋሪ ልጅ ሆና ቀይ ማለት መድረስ መሆኑን መርሳቷ አሳፈራት።

እዚያው ቁጭ ብላ ኮዱን ለወጠችው። ሊጥ ሳለ ነጭ፣ ሲደርስ ቀይ፣ ካለፈበት ጥቁር።

በማግስቱ አባቷን ለምና አመጣችው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ «በሰው ምድጃ ምን አገባኝ» እያለ ደጃፉን ረግጦት አያውቅም። ስክሪኑ ፊት ወንበር ሰጡት። ሣጥኖቹ ሁሉ ነጭ ናቸው።

«አባዬ፣ እንግዲህ ይሄ ቁጥር...» ብላ ልታስረዳው ስትጀምር አንዱ ሣጥን ተለወጠ።

ሽማግሌው ከወንበሩ ብድግ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀላ!»

ጋጋሪዎቹ ወደ ምድጃው ሮጡ። እሷም ሳይታወቃት ሁለት እጇን ዘርግታ የመጀመሪያዋን ዳቦ ትጠብቅ ጀመር።