የመጋላ ብርድ

ሲሞን የሠራው የመረጃ ገበያ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንዱ በየጣሪያው ከተሰቀሉ መለኪያዎች የሙቀት ቁጥር ይሰበስባል። ሁለተኛው ቁጥሩ ላይ ማንም እጁን እንዳላስገባበት ያረጋግጣል። ሦስተኛው ብሎክቼይን ላይ ይመዘግባል፤ እዚያ የገባ አይሰረዝም።

በሰኔ፣ ሙቀት በሚበረታባት መጋላ ያለው መለኪያ እንደ አዲስ አበባ ብርድ አሳየ። ሲሞን ሁለት ቀን ኮዱን በረበረ፤ ስህተት አጣ። በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ወጣ። መለኪያው፣ ውሃው እንዲቀዘቅዝ እንደሚሸፈን ጀሪካን፣ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሏል።

«አቦ፣ በዚህ ፀሐይ ይቃጠል ብዬ ልተወው?» አሉት የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ፊርዶስ። «ጠዋት ማታ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።»

ሲሞን አመስግኗቸው ስልኩን ከፈተ። የሰኔው ቁጥር ለሦስት ገዢዎች ተሽጧል። ከጎኑ «ማንም እጁን አላስገባበትም» ይላል።