ያልጠበቀው ብሎን

ምኒባሱ ከሶዶ ወጥቶ ቤተሰቦቿ ወደሚኖሩበት ወደ ተበላ ቁልቁል መውረድ እስኪጀምር ድረስ አስካለች የምታስበው አባቷን ብቻ ነበር። ከአህያ ጋሪ ወድቀው ራሳቸውን ስተዋል የሚለው መልእክት የደረሳት ሥራ ላይ እንዳለች ነው። የራሷ ስልክ ስለሌላት ጥሪውን የተቀበለችላት ጎረቤቷ እታፈራሁም፣ "ወንድምሽ ቶሎ ትምጣ ብሏል" ከማለት ሌላ የጨመረችላት አልነበረም። የሥራ ጋውኗን ሳታወልቅ ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

አሁን ከጋውኑ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር ጭኗን ቆረቆራት። እጇን ሰደደች። የብሎን መፍቻው ነበር። ክው አለች።

አስካለችና ሚልክያስ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ ናቸው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው፣ አንድ የቆርቆሮ ሼድ ተሰጥቷቸው የእንጨት ሥራ ጀምረዋል። ዋናው ሀብታቸው መላጊያ ማሽኑ ነው፤ ጣውላውን በአንድ በኩል ሲያጎርሱት ውፍረቱን አስተካክሎ በሌላው በኩል ልስልስ አድርጎ ያወጣዋል። ሆዱ ውስጥ ሦስት ስለታም ቢላዎች በብሎን የታሰሩበት፣ ከበሮ የመሰለ ብረት ይሽከረከራል። ግራሶ መቀባቱም፣ ሴጋቱራ መጥረጉም፣ ቢላ መቀየሩም የአስካለች ሥራ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት መብራት በፈረቃ ስለጠፋ የተሳሉትን ቢላዎች ልትገጥም ተነሳች። ቀጥ ያለ የዋንዛ ቁራጭ ከላይ እያጋደመች የሦስቱንም ስለት እኩል አደረገች። ብሎኖቹን በመጀመሪያ ለስለስ አድርጋ ያዘቻቸው፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እያለች ማጥበቅ ጀመረች። አንደኛውን ቢላ ጨረሰች፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ እንዳለች እታፈራሁ በሩ ላይ ቆመች።

አጥብቄዋለሁ ወይስ አላጠበቅኩትም? ክዳኑን መዝጋቷ ትዝ ይላታል። ማጥበቋ ግን አልመጣላት አለ። ሚልክያስ እንጨት ሊያመጣ ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ ክዳኑን ዝግ ሆኖ ሲያገኘው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መብራት እንደመጣ ያስነሳዋል። በዚያ ፍጥነት ሲዞር ያመለጠ ቢላ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው አይምርም።

"ጋሼ፣ ስልክዎን ያውሱኛል?" አለቻቸው ከጎኗ የተቀመጡትን ሰውዬ። የሚልክያስን ቁጥር መታች። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም፣ አላት ድምፁ። መብራት በሌለበት ስልኩን የት ቻርጅ ያድርገው! የእታፈራሁን ቁጥር ደግሞ በቃሏ አታውቀውም።

"ወራጅ አለ።"

"እዚህ ምን አለና?" አለ ረዳቱ ግራ ገብቶት።

ዘላ ወረደች። አስፋልቱ ዳር ቆማ አንዴ ወደ ተበላ፣ አንዴ ወደ ሶዶ አየች። አባቷ ሳትደርስባቸው ቢያርፉስ? ጌታ ሆይ፣ አቆይልኝ እያለች ወደ ሶዶ የሚመለስ፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ በእጇ አስቆመች።

ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ወፍጮ ቤት ጸጥ ብሏል። መብራት ገና አልመጣም ማለት ነው፤ ጸጥታው ትንሽ አሳረፋት። ባጃጅ ተሳፍራ ጥቂት እንደሄደች ግን ከአንድ ሱቅ ዘፈን ድንገት አንባረቀ።

"መብራት መጣ" አለ ባለባጃጁ ደስ ብሎት።

"ፍጠንልኝ ወንድሜ።"

ከባጃጁ ሳትወርድ የማሽኑ ጩኸት ተቀበላት። ሚልክያስ ጣውላ አጉርሶ፣ ጎንበስ ብሎ ይገፋል። ብትጣራ አይሰማትም። በፊት ለፊቱ ማለፍ አልደፈረችም፤ ግድግዳውን ታክካ በጎን ሄደችና ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው።

"ምን ሆነሻል? ጣውላው መሃል ላይ ቀረ እኮ!"

"ወደ ጎን ውጣ።"

"አባትሽ እንዴት..."

"ሚልክያስ፣ ወደ ጎን ውጣ አልኩህ።"

ፊቷን አየና ወጣ። ከበሮው ወዲያው አይቆምም። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ እስኪጠፋ ሁለቱም ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ጠበቁ። ክዳኑን ስትከፍተው የሦስተኛው ቢላ አንደኛ ጫፍ የጥፍር ያህል ወጥቷል። የዳር ብሎኖቹን በጣቷ ነካች፤ ያለ መፍቻ ዞሩላት። ቢላውን ይዘው ያቆዩት የመሃሎቹ ብቻ ነበሩ።

ሚልክያስ ጣውላውን ስቦ አወጣና የተላገውን ገጽ በመዳፉ ዳሰሰው። "መስመር ሲያወጣ አይቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ጉጥ መስሎኝ ዝም ብዬ ገፋሁት።" ከዚያ የእንጨት ክምሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ሂጂ አንቺ፣ አባትሽ ጋ ሂጂ።"

"ሳላጠብቀው አልሄድም።"

እሱ ከበሮው እንዳይዞር ያዘላት፤ እሷ ቢላውን መልሳ አስተካክላ አጠበቀች። ስትጨርስ መፍቻውን ተቀብሏት እያንዳንዱን ብሎን እንደገና ፈተነው። አልተቀየመችውም።

ተበላ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አባቷ ነቅተዋል፤ የተሰበረ ትከሻቸው በነጠላ ታስሮ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ወንድሟ ጩማ በሩ ላይ ጠበቃት።

"ጠዋት አይደል የላክሁብሽ? ስምሽን ሲጠሩ ዋሉ እኮ" አላት።

የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው። ጩማ አንገቱን ደፋ። አባቷ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ነበር፤ ዓይኖቻቸውን ሳይገልጡ በወላይትኛ ጠየቋት።

"ልጁ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"እንግዲያስ ተቀመጪ" አሉና በደህናው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉላት።