ያልደረሰው የሪያል ፊት

የየመን ንጉሥ ኢማሙ ከዙፋናቸው በወደቁ በአራተኛው ቀን አንድ ሻምበል ሳንቲም ወደምንመታበት ቤት ገባ። ችቦ የጨበጠ እጅ የተሳለበት ወረቀት ለአለቃችን ለኡስታ ሙጠሀር ሰጣቸውና አዲሱ ሪያል በሳምንት ውስጥ እንዲወጣ አዘዘ። ሰንዓ ገና ይታኮስ ነበር፤ በራችን ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሬሳ ተጋድሟል። ሻምበሉ ግን ሕዝብ መንግሥት መለወጡን የሚያምነው በእጁ ያለው ሪያል ሲለወጥ ነው ባይ ነው። ሳንቲም የሚመታባቸው የኢማሙ የብረት ማኅተሞች እስከዚያው ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው።

በከተማው ብረት ላይ ፊደል የሚቀርጹ ኡስታ ሙጠሀር ብቻ ነበሩ። እኔ፣ ቃይድ፣ መዶሻ መቺያቸው ነኝ። በታዘዝን በስድስተኛው ቀን የሪፐብሊኩ ስምና ችቦው ያለበት ማኅተም አለቀ፤ የቀረው ሌላኛው ፊት ነው።

የሚጠብቀን አሥር አለቃ ሸዒፍ ወታደር ከመሆኑ በፊት ቁርአን የቀራ ሰው ነው። ማኅተሙን አንስቶ ሊያነብ ሞከረና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንተ ሽማግሌ፣ የሪፐብሊኩን ስም ወደኋላ ጻፍ ያለህ ማነው?»

«ማኅተም እንዲህ ነው የሚቀረጸው ልጄ። ሲመታ ይቃናል።»

«ልጄ አትበለኝ። እኛ መንደር ስም ወደኋላ የሚጽፍ ድግምተኛ ነው። ወደ ኢማሙ ልትመልሰን ነው አይደል?»

በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ጥርሳቸው ከደም ጋር ጺማቸው ላይ ወረደ። ሁለት ወታደሮች ቀኝ እጃቸውን ብረት መቀጥቀጫው ላይ ዘረጉት፤ ሸዒፍ የእኔን መዶሻ አነሳና ማን እንደከፈላቸው ጠየቀ። ዝም ሲሉ አውራ ጣታቸውን አደቀቀው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት።

ማኅተሙን ለስላሳ የእርሳስ ብረት ላይ መትቼ ባሳየው ነገሩ በአንድ ምት ያልቅ ነበር። አፌ ተለጎመ። ትናንት ጎረቤቴ ለታሰረ አማቹ ሊከራከር አንድ ቃል ተናግሮ ተረሽኗል፤ እሱን እያሰብኩ ቆምኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለውን ሰው ያን ቀን ባገኘው በዚያው መዶሻ ባልኩት ነበር። ሁለተኛው ጣት ሄደ። ሦስተኛውም ሄደ።

ያኔ ነው ዘልዬ ማኅተሙን የነጠቅኩት። እርሳስ ላይ አድርጌ በሌላ መዶሻ መታሁት። ስሙ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሸዒፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው፤ ደጋግሞ አነበበው።

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም ነበር?» አለኝ።

ሻምበሉ ማታ መጥቶ የተጨፈለቀውን እጅ አየ። ሸዒፍን በጥፊ አጠናገረው። የተቆረጠው ቀን ግን አይገፋም፤ ሳጥኑን አስከፍቶ ለቀረው ፊት የኢማሙን ማኅተም አወጣ። በማግስቱ ሪያሉን የመታሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ፊቱ ሪፐብሊክ፣ በሌላው ኢማም።

ከዚያ ኡስታ ሙጠሀር ቤት ሄድኩ። እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። አጠገባቸው ሆኜ ሸዒፍን ረገምኩ፣ ዘሩን ሁሉ ረገምኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሸዒፍ አያውቅም ነበር፤ አንተ ታውቅ ነበር» አሉኝ።