የሚሊሜትር ማሽን

ኮምፒውተሩ እንደገና ደርቆ ሲቀር ለቀስተኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ።

«በጥፊ በላት!» አለ ጡረተኛው ሾፌር፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ የወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ። «እኔ አሮጌ መኪናዬን ዕድሜ ልኬን የነዳኋት በጥፊ ነው።»

«የሰው ዓይን ነው» አለች አክስትየው ከኋላው። «ወንድሜን፣ ማሽንህን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አታሳይ፣ ሸፍናት ብዬው ነበር። መች ሰማኝ!»

ቴክኒሻኑ፣ የሟቹ ልጅ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለው ምስል ቀጥ ብሏል፣ ማውሱም አይንቀሳቀስም። ወሬው ያልደረሰው የመቅረጫ ማሽኑ ስለት ብቻ ነው፤ በቆመበት እየተሽከረከረ እንጨቱን ያቃጥላል። ሶኬቱን ነቀለው። ሳንቃው ላይ የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል አምሮ ወጥቷል፤ ሁለተኛዋ ገና አንገቷ ላይ ጠቁራ ቀርታለች።

ነገሩን የቆሰቆሰችው አክስትየው ናት። ከቀብር በተመለሱ ማግስት፣ በሞላ ቤት፣ «የወንድሜ ስም መቃብሩ ላይ የሚቆመው በገዛ ማሽኑ ተቀርጾ ነው!» አለች። ሐዘን ቤት ባይሆን ኖሮ ይጨበጨብላት ነበር። ሌላ ከተማ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲጠግን የሚውለው የሟች ልጅም፣ «ቀላል ነው» አለ። ቀላል ነው ማለት መቼም ቀላል ነው። ሐዘኑ የሚነሣበት ቀን ሁሉም ተያይዘው መቃብር ይሄዳሉ፤ ሳንቃው እስከዚያ ማለቅ አለበት።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው ሚሊሜትር በሚል ቅጽል ነው። አናጢ ነበር። በእርጅናው ከወዳደቀ ብረት፣ ከሞተርና ከአሮጌ ኮምፒውተር ገጣጥሞ፣ ሥዕሉን ሲያሳዩት ራሱ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ሠራ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ «ማሽኔ ሚሊሜትር አትስትም» ሆነ። አንዴ የቤተሰቡን ስም በሙሉ አንዲት የሩዝ ፍሬ ላይ አስጽፌ ነበር አለ። የታለች ሲሉት፣ «ዶሮ በላቻት። ዶሮዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየስማችን እየጠራች ትቀሰቅሰናለች» ብሎ አረፈው።

ልጁ በዚህ ሁሉ ያፍር ነበር። እሱ እውነት ተናጋሪ ነው፤ ያውም ጨው የሌለው ደረቅ እውነት። በስልክ ሲገናኙ ይጠይቀው ነበር።

«ማሽኑስ?»

«እሷማ ምን ትሆናለች! እሷ ትሠራለች፣ እኔ እግሬን ሰቅዬ እተኛለሁ።»

«ችግር ካለ ንገረኝ፣ አባዬ።»

«ችግር? ችግር በሯን ቢያንኳኳ፣ ማንን ፈልገህ ነው ትለዋለች!»

ልጁ ደህና ዋል ብሎ ይዘጋል።

አሁን እንግዲህ ገመዱን ቀየረ። ኮምፒውተሩ ሥራ መሐል እንዳያንቀላፋ የእንቅልፍ ሰዓቱን አጠፋበት። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጫነ። ክዳኑን ሲከፍት ደግሞ ውስጡ ለአንዲት ድመት ፍራሽ የሚበቃ ሰጋቱራ ተጎዝጉዟል። ያንን ጠረገ፤ ሜሞሪውን አውጥቶ እግሮቹን በላጲስ ፈገፈገ። አስነሣው፤ ማሽኑ ሄደ፤ ሄደ፤ ደረቀ።

በመጨረሻ ማዘርቦርዱን አውጥቶ ባትሪ አበራበት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ቆርቆሮዎች፣ ካፓሲተር የሚሏቸው፣ ድግስ እንደበላ ሰው ሆዳቸው ተነፍቷል። ያንጠባጠቡት ፈሳሽ ከሥር ያለውን የመዳብ መስመር በልቶ ደርቋል። በጥፍሩ ፋቀው፤ እንደ ቆየ ሙጫ ተፈረፈረ። ይህ የትናንት ሕመም አይደለም፤ ዓመታት ያስቆጠረ ነው።

ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ተተኪ ቦርድ ጠየቀ። «ወንድሜ፣ የዚህ ታላቅ ወንድም እንኳ ከገበያ ጠፍቷል» አለው አንዱ ነጋዴ። የራሱ ላፕቶፕ ደግሞ የማሽኑን ወፍራም መሰኪያ የሚቀበል ቀዳዳ የለውም።

ከሱቅ ሲመለስ ሳሎን ውስጥ ለቀስተኞቹ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የእንጨት ወፍ እያደነቁ ነበር።

«እይዋት እስቲ! ማሽን እኮ ነው የሠራት!»

ቴክኒሻኑ ቆመ። ያ ኮምፒውተር ሁለት ፊደል ሳይጨርስ የሚወድቅ ከሆነ፣ ይህችን ወፍ ማን ጨረሳት? ከግድግዳው አውርዶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበላት። ምንቃሯና ራሷ በማስመሪያ እንደተሰመረ ልሙጥ ናቸው። ከአንገቷ በታች ያለው ላባ ግን እያንዳንዱ የመሮ ምት ነው። አንዱ ምት ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ሳሳ ያለ ነው።

«ያ ኳኳታ ትዝ አይልህም?» አለ ሾፌሩ አጠገቡ የተቀመጠውን ጎረቤት። «ከሰዓት በኋላ ኳ፣ ኳ፣ ኳ! ምንድነው ስለው፣ ‹ማሽኗ ጥርሷን እያወጣች ነው› ይለኛል።»

ቤቱ ሳቀ። ቴክኒሻኑ ወፏን መልሶ ሰቀላትና ወጣ።

ሰው የሌላውን ሥራ የኔ ነው ብሎ ይጎርራል። ይሄ ሰውዬ ግን የገዛ እጁን ሥራ ለአንድ ደንቆሮ ኮምፒውተር ሲሸልም ኖረ። ተበላሸብኝ የምትል አንዲት ቃል ብትወጣው ልጁ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይመጣ ነበር። ይመጣ ነበር? ቴክኒሻኑ ይህን ጥያቄ ለራሱ ሳይመልስ ወርክሾፑን ከውስጥ ቆለፈ። እውነቱን ቢናገር፣ አባቱ የኖረበት ወሬ በሞላ ቤት ይቀበራል፤ ሰውዬው ደግሞ አንዴ ተቀብሯል።

የአባቱ መሮ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። የመዶሻው ድምፅ ውጭ እንዳይሰማ ሰጋቱራ የሚመጠውን ሞተር አስነሣ፤ ከጠቆረችው ፊደል ጀምሮ መዶሻውን አነሣ። ኮምፒውተር እንጂ እንጨት ያልለመደ እጅ ነው። መሮው እየሸሸ አንዴ እንጨት፣ አንዴ አውራ ጣት ይቀርጻል። ደሙን በብርጭቆ ወረቀት ከሳንቃው ላይ ፈገፈገ፤ ጣቱን በጨርቅ ቁራጭ አስሮ ቀጠለ።

ሐዘኑ የሚነሣበት ቀን ሳንቃው መቃብሩ ራስጌ ቆመ። አክስትየው ስሙን ጮክ ብላ አነበበችና አለቀሰች። ሾፌሩ መነጽሩን አደረገ።

«እኔ የምለው» አለ፣ «ይቺ የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ አላጋደለችም?»

አክስትየው እንባዋን ጠርጋ ቀረብ አለች። «እውነትም! ይሄ ማሽን አይስትም አልነበር እንዴ?»

ሁሉም ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ። እሱም እንደ ልማዱ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

እናቱ አጠገቡ ነበረች። ከቀብሩ ወዲህ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ብዙም አልተናገረችም።

«አርጅታለች እኮ፣ ማሽኗ» አለች።

ይህን እያለች የልጇን እጅ ያዘችና ሰው ሳያየው ወደ ጥቁር ሻርፗ ሥር ሳበችው። እዚያው በጨርቁ ውስጥ፣ ዓይኗን ከሳንቃው ሳትነቅል፣ ጣቱ ላይ የላላውን ማሰሪያ ፈታ እንደገና አጥብቃ አሰረችለት።